ማንም የማይቀምሰው ወጥ

እማማ ይመኙሻል አልወለደችኝም። እናቴ ለሰቆጣ እንግዳ በነበረችበት ዘመን ግን ቤታችንን የረገጠች የመጀመሪያዋ የሰፈር ሴት እሷ ነበረች፤ የመጣችውም አራስ ልትጠይቅ ሳይሆን ወጥ ልታስቀምስ ነው። ነገሩን ከሦስት ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ከእናቴ፣ ከራሷ ከእማማና ከምራቷ ከማሬ። የሦስቱ ወሬ በሁሉም ይገጥማል፤ ጨዉን ቀድሞ የጨመረው ማን ነው በሚለው ብቻ አይገጥምም። በዚያ ላይ አማትና ምራት እስኪያረጁ ድረስ ተከራክረውበታል። እኔ አልፈርድም፤ ሁለቱም አብልተውኛል።

እማማን አንቺ ማለቴን አንባቢ ድፍረት አያድርግብኝ። አንቱ ያልኋት እንደሆነ «ማን አረጀ ብሎሽ ነው?» ብላ ትቆጣኝ ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎ የምትረሳ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከልጇ ከተስፋውና ከሚስቱ ከማሬ ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር። ተስፋው ያርሳል፣ ማሬ ትፈጫለች፣ እማማ ሁለቱንም ታዛለች።

ሰፈሩ የሚያውቃት በጨው አጣጣሏ ነው። የገና ወጥ የሚሠራው በገሃድ፣ ማለት በዋዜማው ነው፤ ገሃድ ደግሞ ጾም ነው። ዶሮውን ታሳርጂዋለሽ፣ ሽንኩርቱን ታቁላይዋለሽ፣ ቅቤውን ትጨምሪዋለሽ፣ ሽታው አንጀትሽን ይበላዋል፤ በምላስሽ ግን አትነኪውም። ጨዉ በዛ አነሰ የሚታወቀው በማግስቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእንግዳ ፊት ነው። ለዚህ ነው ገሃድ ሲመጣ የሰቆጣ ሴት ሁሉ ፊቷ የሚጠቁረው። እማማ ግን ድስቱን አየት፣ እንፋሎቱን አሽተት ታደርግና በጭብጧ ጣል ታደርጋለች፤ አበቃ። ጎረቤቶቿ «ነይና ጨው ጣይልን» እያሉ ይጠሯት ነበር።

ስለ ጨው ካነሳሁ አይቀር፣ ሰቆጣ የጨው መንገድ አገር ናት። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ በትግራይ በኩል ተጭኖ መጥቶ ገበያችን ላይ ይራገፍ ነበር። ስለዚህ የኛ ሰው በጨው ላይ ለጋስ ነው። ትንሽ ቢበዛ ውኃ ይጠጣል፤ ካነሰው ግን ያኮርፋል።

የእማማ ታናሽ ወንድም ዘበነም በዚሁ መንገድ የኖረ ነው፤ በቅሎዎቹን እየነዳ ጨው ያመጣል። ቤቱ ደሃና በሚባለው አገር ነው። አንድ ዓመት ጨው ሊያመጣ እንደሄደ እናታቸው ሞተች። ሬሳ አያድርም፣ በዕለቱ ተቀበረች። ዘበነ በመንገድ ላይ ታምሞ ሰነበተና አርባዋ ካለፈ በኋላ መጣ። ከእህቱ ግቢ ደርሶ የእናቱን ሞት የሰማው ከበቅሎው ሳይወርድ ነው። «ተዝካሯን እንኳ ልትጠብቂኝ አልቻልሽም?» አላት እህቱን። እማማም፣ ያው ግልፍተኛ ናትና፣ «ሙታን ነጋዴ አይጠብቁም» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ነው የቆጫት፤ ወጣ ግን። ዘበነ ለእናቱ ይዞት የመጣውን አንድ አሞሌ ከጭነቱ ላይ ፈትቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠና በቅሎውን መለሰ። ከዚያ ወዲህ በቤቷ እህል አልቀመሰም።

በለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፤ እጅ ይነሳሳሉ። «እንደምን አሉ?» ይላታል፣ ለጠላት እንኳ የማይባል ክብር ሰጥቶ። ልጅ ሳለ ሲጠራት ይሜ ነበር የሚላት። እማማ ያን አሞሌ በእናቷ ነጠላ ጠቅልላ ከሣጥኗ ሥር አስቀመጠችው። ጨው በጠፋበት ክረምት እንኳ አልነካችውም፤ ማሬ አንድ ቀን ብትጠይቃት ያየችውን ቁጣ አትረሳውም።

እኔ በተወለድኩበት በአምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ጻድቅ ነገሩ በቃኝ አሉ። ሁለቱንም የሚያናዝዙ እሳቸው ነበሩና በጾሙ መግቢያ ዘበነን ያዙት፤ ምን እንዳሉት አይታወቅም። ከዚያ ወደ እማማ መጡና «ልጄ፣ ወንድምሽ የልደትን ጾም የሚፈታው በቤትሽ ነው። እሱ እሺ ብሏል። አንቺ አንደበትሽን ያዥ፣ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል» አሏት።

«አንደበቴንስ እይዛለሁ አባ፤ እጄን ነው የፈራሁት» አለች እማማ።

እውነቷን ነበር። በስንቱ ቤት ጨው የጣለች እጅ ያን ጾም ሙሉ አልታዘዝ አለቻት። ለጠላው ጌሾ ስትወቅጥ ዘነዘናውን ጣለችው። ዶሮ ልትመርጥ ገበያ ወጥታ አንዱን ወፈረ፣ አንዱን ከሳ፣ አንዱን ዓይኑ አላማረኝም እያለች ሻጮቹን ሁሉ አስቀየመች። ማሬን ቅቤውን ሁለት ጊዜ አስነጠረቻት። «ዘበነ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ወጤ ቢበላሽ በሄደበት ሁሉ ይነግራል» ትላለች ለሰው። ለራሷ ግን የምትፈራው ሌላ ነው። እሱ የቀረበለትን ጎርሶ፣ እንደ እንግዳ አመስግኖ፣ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል። የቀረችው የእናቷ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

ገሃድ ደረሰ። ዶሮው ታረደ፣ ታጠበ፣ ተገነጠለ። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲቁላላ ውሎ ከሰዓት በኋላ ወጡ ደርሶ ጨው ብቻ ሲቀረው፣ የአባ ገብረ ጻድቅ መልእክተኛ ከደጅ ተጣራ። ዘበነ ከደሃና ገብቷል፣ ከአባ ቤት አርፏል ብሎ ሊነግር ነው የመጣው። እማማ እየሮጠች ወጣች፤ ምን ለብሷል፣ ከስቷል ወይ፣ ፊቱ እንዴት ነው እያለች መልእክተኛውን ይዛ ቆየች።

እዚህ ላይ ነው ወሬው የሚለያየው። ማሬ እንደምትለው እማማ ጨዉን ጥላ ነው የወጣችው፤ እሷም አለመጣሉን ጠርጥራ ደገመችው። እማማ እንደምትለው ደግሞ ማሬ ናት ቀድማ የጣለችው፤ እሷ ተመልሳ እንደ ልማዷ ጣለች። ብቻ አንዷ በገባች ጊዜ አንዷ ወጥታ ነበር። ማሬ እንስራዋን ይዛ ከምንጭ ስትመለስ ወጡን አየት አደረገችና «እንዳይበዛብኝ ብዬ እጄን ቆጥቤ ነው የጣልሁት፤ በቃው ይሆን እናቴ?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ጨዉን።»

ሁለቱም ወደ ድስቱ አጎነበሱ። ወጡ ብቻ ይንተከተካል።

ማሬ ገጠር ተወልዳ ያደገች የኽምራ ልጅ ናት፤ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋባታል። በኽምጣኛ፣ በአገሩ የአገው ቋንቋ፣ እናቷን ጠራች። እማማም በኽምጣኛ መለሰችላት፤ የመለሰችላትን ግን ሁለቱም ተርጉመውልኝ አያውቁም።

ከዚያ ማሬ «ጫፉን በምላሴ ነክቼ ልትፋው» አለች።

«ጾሙን ሙሉ ጾመሽ በመጨረሻዋ ቀን በአንድ ምላስ ልትሸጭው ነው? አይሆንም።»

ጾም የማይይዘው ማን ነው? ሕፃን ልጅ። የጎረቤቱን ትንሽ ልጅ ጠርተው በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱት። «ያቃጥላል» አለና እያለቀሰ እንቁላል ጠየቀ። እንቁላሉን ሰጥተው ደግመው አጎረሱት፤ አሁንም ያቃጥላል አለ። «በርበሬውንስ እኔም አውቀዋለሁ» አለች እማማ። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤቷ ሙስሊም ናት፤ ጾሙ አይይዛትም፣ ግን ክርስቲያን ያረደውን አትቀምስም። እማማ ከድስቱ ፊት ተቀምጣ በመቀነቷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሲያልቅ አያምር ይሉሻል፣ ይኸው ነው» አለች።

ያን ጊዜ ማሬ ዓይኗ በራ። «የድሬሰሩ ሚስት አራስ አይደለችም?»

ያቺ እናቴ ናት፤ ምንትዋብ። አባቴ በለጠ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነው፤ በዚያ ሰሞን ለሥራ ወደ ጽጽቃ ወርዶ ነበር። እናቴ ከእማማ ቤት በታች ባለች የኪራይ ቤት ከእኔና ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ተኝታለች። በአገራችን አራስ ያለ ጠያቂ አይተዋትም፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ወሬው አይቋረጥም። እናቴን ግን ማንም አልጠየቃትም። ሰፈሩ የመንግሥት ሰው ሚስት ናት፣ ኩሩ ናት ይላል። እሷ ደግሞ ሴቶቹ በደጇ በኽምጣኛ እያወሩ ሲያልፉ ስለኔ ነው የሚያወሩት ትላለች። እንዲህ ሲፈራሩ እኔ ተወለድሁ።

እማማ በትንሽ ገበታ አንድ እግርና መረቅ አድርጋ፣ እንጀራ ደርባ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ገባች። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ስታያት እንባዋ መጣ። «እማማ፣ ሊጠይቁኝ መጡ?» አለቻት።

እማማ ስትነግረኝ «መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድሁ» ትላለች። ያቺን ብቻዋን የተኛች ልጅ፣ ገንፎ ሲገባት፣ «የመጣሁት ጨው ላስቀምስሽ ነው» እንዴት ትበላት? «አዎን ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ተቀመጠች። እኔንም አንሥታ አየችኝ። ጥቁር ናት አለች አሉ። ከዚያ ገበታውን አቀረበችላት።

እናቴ ጎረሰች። እማማ አፍ አፏን ታያለች።

«እንዴት ነው?»

«ይጣፍጣል፣ እጅዎን ይባርከው» አለች እናቴ፤ ውኃ ጠጣች። ደግማ ጎረሰች፤ ደግማ ጠጣች። በሦስተኛው ጽዋውን ጨለጠችና ሠራተኛዋን ሌላ አምጪ አለቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

እማማ ገበታውን ሳብ አደረገችባት። «ስሚኝ ልጄ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ልጠይቅሽ መምጣት ነበረብኝ፣ አልመጣሁም፤ ነውሬ ነው። አሁን የመጣሁት ጨው በዝቶበት እንደሆነ የሚነግረኝ የሚበላ አፍ አጥቼ ነው። ነገ ወንድሜ ከኔ ጋር ይታረቃል ወይም ይቆረጣል። እባክሽ እንግዳ አትሁኚብኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

እናቴ ጽዋውን አስቀመጠችና «እማማ፣ ይሄ ወጥ አይደለም። አሞሌ ነው» አለች፤ መሳቅም ጀመረች። እማማም ሳቀች። እናቴ ሰቆጣ ከገባች ወዲህ ከሰው ጋር የሳቀችው ያን ዕለት ነው።

የበዛ ጨው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ያለ ጨው ሌላ ቁሌት ሠርቶ መቀላቀል። ለዚያ ሽንኩርት ያስፈልጋል። የእማማ ሽንኩርት አልቋል፣ ገበያ የለም፣ ጎረቤቱም ሁሉ ያለውን በድስቱ ጨርሷል። እናቴ ከአልጋዋ ሥር ጣቷን ቀሰረች። አባቴ ለክርስትናዬ ድግስ ብሎ ያስመጣው ሽንኩርት በትልቅ ቅርጫት ተቀምጦ ነበር።

«ይሄማ የልጅሽ ነው» አለች እማማ።

«ለልጄ እስኪደርስ ሌላ ይመጣል። ይውሰዱት።»

ማሬ ተጠርታ መጣችና ሦስቱ እዚያው አልጋው አጠገብ ሽንኩርቱን ላጡት፣ ከተፉት። እኔ ከጎናቸው ተኝቼ በሽንኩርቱ አለቅስ ነበር አሉ። የክርስትናዬን ሽንኩርት ዘበነ በላው እያልሁ ስቀልድ የኖርሁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሥጋውን ጨዉ ሳይሰርግበት ከመረቁ አወጡት። አዲሱ ቁሌት ያለ አንዲት ቅንጣት ጨው በስሎ፣ ከአሮጌው መረቅ በጭልፋ እየተቀነሰ ገባበት፣ ሥጋው ተመለሰበት። ማሬ ከላይ ቤት ወደ ታች ቤት በገበታ እየተመላለሰች እናቴን ታስቀምሳለች። «ትንሽ በዝቷል» ስትል ቁሌት ይጨመራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ «አሁን ልክ ነው» ብላ ላከች። እማማ ድስቱን ከድና ከአፈር በተሠራው መደብ ላይ እንደ ወንድ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ የዳነች መስሏት ነበር።

አንድ ነገር ግን ማናቸውም አላሰቡም። እናቴ የደብረ ታቦር ሰው ናት። የሷ ልክ የሰቆጣ ልክ አይደለም።

በማግስቱ ቅዳሴው ወጥቶ፣ ፀሐይ ገና ተራራውን ስትይዝ፣ አባ ገብረ ጻድቅ መስቀላቸውን ይዘው ቀድመው፣ ዘበነ ከኋላ ሆኖ ገቡ። ዘበነ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ጫፍ ተቀመጠ፣ ጋቢውን እንኳ ሳያላላ። «እንኳን አደረስዎ» አላት እህቱን በጥሩ አማርኛ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ተስፋው እጁን አስታጠበው። አባ ባረኩ፣ ቆረሱ። ፈረሰኛው፣ የክብር ብልቱ፣ በዘበነ በኩል ወጣለት።

ዘበነ ጎረሰ። አኘከ። ዋጠ።

እማማ ከምሰሶው ተጠግታ ቆማለች። አንድ ነገር እንዲል ትጠብቃለች፤ አንድም ነገር እንዳይል ትፈራለች። ዘበነ ደግሞ ጎረሰና «እጅዎ ይባረክ» አላት፤ እንደ እንግዳ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። አለቀ አለች በልቧ፤ በልቶ አመስግኖ ይሄዳል። ለሰው የነገረችው ሐሜቱን እንደምትፈራ ነበር፤ የፈራችው ግን ይህንኑ ምስጋና ነው።

ሦስተኛውን ጎረሰ። መንጋጋው መሐል ላይ ቆመ። ወደ ገበታው አየ፣ ወደ አባ አየ፣ አባም ዝም ብለው ይበላሉ። ከዚያ ቀና አለና፣ በአማርኛ አይደለም፣ በኽምጣኛ፣ እናታቸው ቤት ውስጥ ይነጋገሩበት በነበረው ቋንቋ፣ «ይሜ፣ በዚህ ቤት ጨው አልቋል እንዴ? የጨው ነጋዴ እህት ሆነሽ አልጫ ታበዪኛለሽ? እናታችን ብታይሽ ምን ትልሽ ነበር?» አላት።

ማሬ ከጓዳው በር ላይ ሆና ሰምታ እጇን በአፏ ጫነች። የእንግዳው ስድብ መስሏት ነው። እማማ ግን ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ተከተለው፣ ሁለቱን መለየት እስኪያቅታት። ወጥ የሚያማው የቤት ሰው ነው። እንግዳ አያማም።

ወደ ጓዳ ገባች። ሣጥኑ ሲከፈት ተሰማ። በእናቷ ነጠላ የተጠቀለለውን ይዛ ወጣችና ከፊቱ አስቀመጠችው። ዘበነ ነጠላውን አወቀው። ቀስ ብሎ ፈታው። አሞሌው እንዳስቀመጠው ነበር፤ አንድ ጠርዙ እንኳ አልተነካም።

«ይህን ለእሷ ነበር ያመጣሁት» አለ።

«አውቃለሁ። ያንተን እጅ ሳላገኝ ልቆርሰው አልደፈርሁም» አለች እማማ። «ያን ቀን ያልሁህንም ቃል አልረሳሁትም ዘበነ። ክፉ ቃል ነበር። ይቅር በለኝ።»

ዘበነ ካራውን ከወገቡ መዞ አሞሌውን ጠረብ ጠረብ አደረገው። ዱቄቱ በወጡ ላይ እንደ አመዳይ ወረደ። አጥቅሶ መጀመሪያ ያጎረሰው እሷን ነው። ከዚያ ራሱ ጎረሰና ጋቢውን አውልቆ ከመደቡ ራስጌ ወጥቶ ተቀመጠ። አባ ገብረ ጻድቅ ጢማቸውን እየጠራረጉ «እኔም አንሶኝ ነበር፤ ምን ልበል ብዬ ነው እንጂ» አሉ።

ያን ጊዜ እማማ ከወንድሟ ጎን ቁጭ አለች። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ የነበረ ሸክም ሲወርድ ተሰማኝ ትላለች። ስለ ጠላውም፣ ስለ እንጀራውም፣ ስለ ምንም አልተጨነቀችም። ማሬ ቅቅሉን እንቁላል መጨመር ረስታ ኖሮ ሁሉም ከበሉ በኋላ በሣህን ይዛው ብትወጣ ሳቁባት እንጂ ማንም አልተቆጣት። ለእናቴ በትልቅ ገበታ ተላከላት፤ በላዩ ከአሞሌው የተጠረበ ቁራጭ ነበረበት፤ ዘበነ ነገሩን ሲነግሩት «ለዚያች ለቀማሻችሁ፣ አገራችንን ትልመድ» ብሎ የላከው ነው። እማማ ቀኑን ሙሉ ተኛች። ከሰዓት በኋላ ልጆች ሜዳ ላይ ገና ሲመቱ፣ ሲጯጯሁ፣ እሷ ሰማሁም አላለች። በማግስቱ ከነገንፎዋ እናቴ ዘንድ መጣች፣ ከዚያ ወዲያም አልቀረች። ጨው የበዛበት የተረፈው መረቅ በማሬ ወጥ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ስንት ቀን አገለገለ።

ዘበነ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የልደትን ጾም በሌላ ቤት አልፈታም። እኔ ካደግሁ ወዲህ እንኳ በየገናው ሳየው፣ ሦስተኛዋን ጎርሶ ቀና ይልና «ይሜ፣ ጨው የለም እንዴ?» ይላል። የቀረው አሞሌ ይወጣል፤ ካራው ይመዘዛል፤ ይጠረባል። ሴቶቹ ይስቃሉ።

አንድ ገሃድ፣ ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ፣ ዘበነም ገና በሕይወት ሳለ፣ ከእማማ ጋር ድስቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እጇ እንደ ድሮው ነው፤ አሸተተች፣ ጨበጠች። ከጭብጧ ግን ግማሹን ወደ ጨው ቅሉ ስትመልስ አየኋት።

«እማማ፣ ይሄ አያንሰውም?» አልኋት።

«ያንሰዋል» አለችኝና ድስቱን ከደነችው። «ለዘበነ ነው።»